ጥያቄና መልስ፦ ሲጢጥ የሚለው የጣውላ ወለል

ባለፉት ሁለት ወራት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት አንድ ጉዳይ ያነሣሉ፤ በተራመዱበት ቁጥር ሲጢጥ የሚል የእንጨት ወለል። ጥያቄዎቹ ከተለያየ አገርና ከተለያየ ዓይነት ቤት የመጡ ስለሆኑ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት አይቻልም። አራቱን መርጠናል፤ የመጀመሪያውን ሰፋ አድርገን የምንመልሰው እርሱ ከተብራራ የሌሎቹም ምክንያት በቀላሉ ስለሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አባታችን ትተውልን ባለፉት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ሲሆን ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ነው። ድሮም አልፎ አልፎ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ከእናታችን መኝታ ክፍል እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው መተላለፊያ በሙሉ ሲጢጥ ይላል። እናታችን 82 ዓመታቸው ነው፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣሉ፤ ቤተሰቡም አብሮ ይነቃል። አሁን አሁን «ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው» እያሉ መነሣት መፍራት ጀምረዋል። አንድ አናጢ አምጥተን ምስማር ከጨመረበት በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ነበር፤ ከዚያ እንደ ነበረው ሆነ። ሌላ ባለሙያ ደግሞ «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ነቅለን ሲሚንቶ እንሙላበትና ሴራሚክ እናንጥፍበት» ይለናል። ከታች የሚያበላሸው ነገር ያለ አይመስለንም፤ ምክንያቱም የዛሬ ሦስት ዓመት አይጥ ስላስቸገረን በመሠረቱ ዙሪያ የነበሩትን ቀዳዳዎች በሙሉ በሲሚንቶ ደፍነናቸዋል። ምን ይመክሩናል? (እኅትዎ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እኅቴ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጠቅሰው ያለፉት ነገር የችግሩ ዋና ምክንያት ይመስለኛል። ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎ፤ ይህ ሳይታወቅ የሚሠራ ጥገና ሁሉ እንደዚያ አናጢ ምስማር ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚፈርስ ነውና።

እንጨት ብቻውን አይጮኽም። የሚጮኸው ከሌላ ነገር ጋር ሲፋተግ ነው፤ ጣውላ ከአጠገቡ ካለው ጣውላ ጋር፣ ወይም ከሥሩ ከተሸከመው ሞራሌ ጋር፣ ወይም ከተመታበት ምስማር ጋር። ወለሉ አዲስ ሳለ ጣውላው በሞራሌው ላይ ልጥፍ ብሎ ተመትቶ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ በሁለቱ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ እግር ሲያርፍበት ጣውላው ዝቅ ይላል፣ እግር ሲነሣለት ተመልሶ ከፍ ይላል፣ የምስማሩም አንገት በዚህ መሀል በቀዳዳው ውስጥ ይታሻል። ከዓመታት በፊት የእናንተን በመሰለ መተላለፊያ ላይ አንድ ጣውላ አንሥቼ ያየሁት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። በሞራሌው ውስጥ የተቀበረው የምስማሩ ክፍል በዝገት ቡናማ ሆኖ ሳለ፣ ከራሱ በታች ያለው አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ብቻ እንደ ተወለወለ ብር ያበራ ነበር። ቀዳዳውም ጠቁሮ፣ ክብነቱን ትቶ ሞላላ ሆኗል። የቤቱ ሰዎች ለዓመታት የሰሙት ድምፅ በሙሉ ከዚያች አንዲት ሣንቲ ሜትር የወጣ ነበር።

አናጢው የጨመረው ምስማር ለምን እንደ ላላ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ልሙጥ ምስማር እንጨቱን የሚይዘው ጎኑን በመጨበጥ ብቻ ነው፤ ጣውላው በተነቃነቀ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየሳበ ያወጣዋል። ጣውላውን ከሞራሌው ጋር አጣብቆ የሚያቆየው በጥርሱ ነክሶ የሚይዝ የእንጨት ብሎን ነው። ብሎኑን ከመግዛትዎ በፊት ግን ጣውላውን ያንቀሳቀሰውን ነገር ማስወገድ አለብዎ፤ እዚህ ላይ ነው ወደ ቀዳዳዎቹ የምንመለሰው።

የእነዚያን ቤቶች መሠረት የሠሩ ግንበኞች ቀዳዳዎቹን የተዉት በቂ ምክንያት ስለ ነበራቸው ነው። ከወለሉ ሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ይተነፍሳል፤ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ። ንፋሱ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ያንን እርጥበት ይዞት ይሄዳል። ቀዳዳው ሲደፈን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሞራሌውና ወደ ጣውላው ሆድ ይገባል። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ ለውጥ አያሳይም፤ በወርዱ ግን ያብጣል፤ 15 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣውላ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ለአንድ ጣውላ ጥቂት ቢመስልም፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሃያ ጣውላዎች በክረምት ሁሉም ሲያብጡ እርስ በርስ ተገፋፍተው ምስማሮቻቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ተመልሰው ይኮማተራሉ፤ የላላው ምስማር ግን እንደ ላላ ይቀራል። ድምፁ በጥቅምት የባሰበት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀዳዳዎቹን መክፈት ነው። አይጡ እንዳይመለስ እያንዳንዱን ቀዳዳ ዓይኑ ከግማሽ ሣንቲ ሜትር በማይበልጥ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ሸፍነው ዳር ዳሩን በሲሚንቶ ያስይዙት። አየሩ እንዲያልፍ በአንድ ጎን ያሉትን ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በተቃራኒው ጎን ያሉትም መከፈት አለባቸው። በቤቱ ዙሪያ የተቆለለ አፈር፣ የማገዶ እንጨት ወይም የአበባ መደብ ቀዳዳዎቹን ሸፍኖ እንደሆነ ያንሡት፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃም ከመሠረቱ ርቆ እንዲፈስ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ይታገሡ። ወለሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሚጠበቅ ብሎን ለዘለቄታው ይጠብቃል፤ በክረምት፣ እንጨቱ አብጦ ሳለ የተጠበቀ ግን በጥር ይላላል።

እንጨቱ እስኪደርቅ በምትታገሡበት በዚህ ጊዜ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ሊዘለል የማይገባው እርሱ ነው። ቀዳዳዎቹ ሦስት ክረምት ተደፍነው ስለ ቆዩ የእንጨቱን ጤንነት መርምሩ። ወስፌ ወይም ሹል ቢላዋ ይዘው ጣውላውን በተለይ በግድግዳ ሥርና በመጸዳጃ ቤቱ በር አካባቢ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ጤናማ እንጨት ይቃወማል፤ ጫፉ ጥቂት ብቻ ገብቶ ይቆማል። ወስፌው እንደ ቅቤ ሰጥሞ ከገባ፣ ወይም እንጨቱ ተፈርክሶ እንደ ዱቄት ከወጣ፣ ያ መበስበስ ወይም ምስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብሎን ማጥበቅ ትርጉም የለውም፣ የተበላው ሞራሌ ተለውጦ አዲስ መግባት አለበት። የድምፁም ዓይነት ይለያያል። ቀጭን ሲጢጥታ አብዛኛውን ጊዜ የምስማር ወይም የጣውላ ጠርዝ መታሸት ነው። ደብ የሚል ድምፅ ጣውላው ከሞራሌው ተለይቶ እንደገና ሲያርፍ የሚሰማ ነው። ምንም ሳይጮኽ እግር ሥር ረግቦ የሚወርድ ወለል ግን ከሁሉም ይልቅ ያሳስባል፤ ለእናትዎ ደኅንነት ሲሉ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኙ ሌላውን ሁሉ ትተው ያንን ያስጠግኑ።

እንጨቱ ጤናማ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሰው በጫማ ቀስ እያለ ይራመድ፤ ሌላው ተንበርክኮ መዳፉን ጣውላው ላይ አሳርፎ የሚነቃነቀውን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። ጆሮ ያሳስታል፤ ድምፁ በጣውላው ርዝመት ተጉዞ ሌላ ቦታ የተሰማ ያስመስላልና፣ መዳፍን ማመን ይሻላል። ሞራሌው የት እንደሚያልፍ ለማወቅ የድሮዎቹን የምስማር ራሶች ይመልከቱ፤ በአንድ መስመር ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ፣ ያ መስመር ሞራሌው ነው። አዲሱ ብሎን ከአሮጌው ምስማር ሁለትና ሦስት ሣንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በዚያው መስመር ላይ ይገባል፤ በአሮጌው ቀዳዳ ውስጥ መግባት የለበትም። የእነዚህ ቤቶች ጣውላ ብዙውን ጊዜ 2.5 ሣንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው 5 ወይም 6 ሣንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ይበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሠራተኞች ችላ የሚሉትን ነገር ልግለጽ። ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በድሪል ቀዳዳ ይበሳ፤ ጣውላውን የሚበሳው ፑንታ ከብሎኑ ጥርስ ጥቂት ሰፋ ያለ፣ ሞራሌውን የሚበሳው ደግሞ ከብሎኑ የቀጠነ ይሁን። ጣውላው በብሎኑ ላይ በነፃነት ካልተንሸራተተ ብሎኑ ሁለቱንም እንጨቶች እንዳሉ፣ ክፍተታቸውንም ጭምር፣ አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ ጠብቋል ብለው ይሄዳሉ፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ብሎኑ ሲጠበቅ አንድ ሰው በጣውላው ላይ ይቁም። የሐበሻ ጥድ ከሆነ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ከጣውላው ጫፍ ሁለትና ሦስት ሣንቲ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። የብሎኑ ራስ ከጣውላው ገጽ በታች እንዲሰምጥ አፉን ሰፋ አድርገው ይብሱት፤ ከዚያ ከዚያው ጣውላ የወጣ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሰው ይድፈኑት፣ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። የራሱ ሰጋቱራ ስለሆነ ቀለሙ አይለይም። ከመብሳትዎ በፊት ግን በወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም የውኃ ቧንቧ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ በአሮጌ ቤቶች ገመድ በወለል ሥር ተስቦ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ አውርደው ቢሠሩ ይመረጣል።

ቤትዎ ተዳፋት ላይ ከሆነና በታችኛው ወገን ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቦታ ካለ፣ ከሥር መጠገን የተሻለ ነው። ክፍተቱ በተገኘበት ቦታ ቀጭን ሽብልቅ ኮላ ተቀብቶ በጣውላውና በሞራሌው መካከል በእጅ ይገፋል፤ መግባት ሲያዳግት ይቆማል። በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት ጣውላውን ከፍ አድርጎ ጎረቤቱን ጣውላ እንዲጮኽ ያደርገዋል።

ሥራው እስኪጀመር እናትዎ በሰላም እንዲተላለፉ ለጊዜው የሚሆን መላ ከፈለጉ፣ የሕፃናት ፓውደር ወይም ተፍቆ የደቀቀ ሻማ በጣውላዎቹ መካከል ባለው ስንጥቅ ነስንሰው በመጥረጊያ ያስገቡት፤ የሚፋተጉትን ጠርዞች ያለሰልሳል። ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ መድኃኒት ግን አይደለም። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ ምስጥ ይከላከላል ተብሎ ወለል ሥር ሲቀባ አይቻለሁ፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ለእሳትም ለመተንፈሻ አካልም አደጋ ነው። በጣውላዎቹ መካከል የሚታየውንም ክፍተት በበጋ በስቱኮ ጥርቅም አድርገው አይድፈኑት፤ ጣውላው በክረምት ሲያብጥ የሚሄድበት ስላጣ ወደ ላይ ይነሣል።

ስለ ሴራሚኩ የቀረበልዎን ሐሳብ በግልጽ እቃወማለሁ። በእነዚያ ሰፈሮች ባሉ አሮጌ ቤቶች ወለል ላይ የሚገኘው እንጨት ብዙውን ጊዜ የሐበሻ ጥድ ወይም ዝግባ ነው። ጥድ ከሆነ ቀላ ያለው ልቡ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ጥቂት ሲፋቅ በሚወጣው መልካም ሽታው ያውቁታል። ዝግባ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን እርጥበትን እንደ ጥድ አይችልም፤ ስለዚህ ዝግባ ከሆነ የወስፌውን ምርመራ ይበልጥ አጥብቁ። ሁለቱም ዛፎች ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ጥበቃ ስለ ተደረገላቸው ዛሬ ያንን ዓይነት ወፍራምና ረጅም ጣውላ ገበያ ላይ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። አንድ ጊዜ ከተነቀለ አይመለስም። ከዚህም በላይ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ወለሉን በሲሚንቶ መሙላት እርጥበቱን ወደ ግድግዳው ሥር ይገፋዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልስኑ ከታች መርገፍ ይጀምራል። ለ82 ዓመት እናትም ቢሆን፣ ሌሊት በባዶ እግር የሚረገጥ ወለል ከቀዝቃዛና ከሚያዳልጥ ሴራሚክ ይልቅ ጣውላ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጣውላ ወለል በባልዲ ውኃ አይታጠብም፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል። ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ቤቱን እንደሚያሳምር ባውቅም፣ ከእርጥበቱ ጋር ሁለትና ሦስት ቀን በጣውላ ላይ ሲቆይ ውኃውን ለእንጨቱ ይሰጠዋል። ከመጎዝጎዙ በፊት ውኃው ይራገፍ፣ በዚያው ዕለት ማታም ይጠረግ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ ጋር አምና የገዛነው ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። ፎቅ ላይ ያለው የልጃችን ክፍል ወለል ዳር እስከ ዳር በምንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን፣ እሹሩሩ ብለን አስተኝተናት በጣታችን እየረገጥን ልንወጣ ስንል አልጋዋ አጠገብ ያለው ወለል ጮኾ ይቀሰቅሳታል። የሳሎኑ ወለል ደግሞ ጣውላ ነው፤ እርሱም ይጮኻል፤ ከሥሩ ኮርኒስ ያልተሠራለት ቤዝመንት አለ። በክረምት ይብሳል፣ በበጋ ይቀንሳል። ምንጣፉን ሳላስነሣ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ይቻላል። በቅድሚያ ግን አንድ ልዩነት ልብ በል። አገር ቤት ክረምት ስንል ዝናብና እርጥበት ማለታችን ነው፤ አንተ ባለህበት ግን ክረምት ሲሆን ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ የቤቱ አየር እንደ ምድጃ ዳር ይደርቃል፤ እንጨቱም ይኮማተራል። በበጋ የዋሽንግተን አካባቢ አየር እርጥበታም ስለሆነ እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱ ይጠፋል። አራዳ ያለችው እኅታችን ቤትና ያንተ ቤት በአንድ ቃል የሚጠሩት ወቅት በተቃራኒ መንገድ ይሠራባቸዋል፤ የድምፁ ምክንያት ግን አንድ ነው። የቤት ውስጥ እርጥበት መለኪያ በርካሽ ስለሚገኝ አንድ ግዛ፤ በክረምት መለኪያው ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ አድርግ፣ ከ50 በመቶም እንዳይበልጥ። ይህ ብቻውን ድምፁን ግማሽ በግማሽ ሲቀንስ ያየሁባቸው ቤቶች አሉ።

ከልጅህ ክፍል ምንጣፍ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ተመሳሳይ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ሲሆን፣ እርሱን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች በአሜሪካ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ፣ ማለትም በየ40 ሣንቲ ሜትሩ፣ ተደርድረዋል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን በጥቂቱ የተቆረጠ ብሎን ከትንሽ ባለ ሦስት እግር መያዣ ጋር በቤት ዕቃ መደብሮች ይሸጣል። ብሎኑ በምንጣፉ ውስጥ አልፎ ሰሌዳውን ከአግዳሚው ጋር ካሰረ በኋላ መያዣውን ወደ ጎንና ጎን ሲነቀንቁት ራሱ ከሰሌዳው ገጽ በታች ይሰበራል፤ ምንጣፉ ላይ የሚቀር ምልክት የለም። አግዳሚውን ካላገኘኸው ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በቀጭን ረጅም ምስማር እየወጋህ ፈልገው፤ ባዶ ቦታ ሲሆን ምስማሩ ሰሌዳውን ዘልቆ በድንገት ይለቃል፣ አግዳሚው ላይ ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ይከብዳል። አንዱን ካገኘህ ሌላው 40 ሣንቲ ሜትር ርቆ ይገኛል። የምንጣፉ ክር በድሪሉ ላይ ተጠምጥሞ እንዳይተረተር ጸጉሩን በጣትህ ገልጠህ ቀስ ብለህ ጀምር። ልጅቱ ክፍሉ ውስጥ በሌለችበት ሰዓት ሥራው፤ የሚሰበረው የብሎን ራስ ትንሽ ስለሆነ ወለል ላይ ቢቀር ወደ አፏ ልትወስደው ትችላለች፤ ቆጥረህ ያስገባኸውን ያህል ቆጥረህ ሰብስብ።

ሳሎኑ ከሁሉም የሚቀል ነው፣ ምክንያቱም ሆዱን ከሥር ታየዋለህ። ባለቤትህ ከላይ ሳሎኑ ውስጥ ትራመድ፣ አንተ ከታች በባትሪ መብራት ተመልከት፤ ሰሌዳው ከአግዳሚው ሲለይና ሲገጥም በዓይንህ ታየዋለህ። ክፍተቱ ባለበት ኮላ የተቀባ ሽብልቅ በእጅህ ግፋ፤ ለአራዳዋ እኅት ያልኳትን ማስጠንቀቂያ አንተም አትርሳ፣ ከመጠን በላይ አትግፋ። የሚላቀቀው ሰሌዳውና ከላይ ያለው ጣውላ ከሆነ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ብሎን ይጠበቃል። እዚህ ላይ መለካት ግድ ነው፦ ሰሌዳው 19 ሚሊ ሜትር፣ ጣውላው ሌላ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ በድምሩ 38 ይሆናል፤ ብሎኑ ከ32 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ1 ኢንች ከሩብ፣ መብለጥ የለበትም። አንዲት ብሎን ሾልካ ሳሎን ብትወጣ የልጅህ እግር ነው የሚያገኛት። ቤትህ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ የሚመታውን እንጨት) ወይም ሌላ አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ፤ በዚያ ዘመን የቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገባ ስለ ነበር አቧራው ለሕፃን አደገኛ ነው። አስመርምረው።

ጥያቄ፦ በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ላሚኔት አስነጠፍን፤ ሠራተኛው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ነው የገጠመው፣ ሥራውም ያማረ መስሎን ነበር። ክረምቱ ሲገባ የሳሎኑ መሀል አበጠ፤ ስንረግጠው ይንቋቋል። ከሥራችን ያሉት ጎረቤቶች ሳይቀር ቅሬታ አቀረቡ። ያስነጠፍነው ሰው ሊመጣልን አልቻለም።

መልስ፦ ጥርቅም ብሎ መግጠሙ ነው ያበላሸው። ላሚኔት ከወለሉ ጋር በምስማርም በኮላም አይያዝም፤ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ከሥሩ በሚነጠፍ ስፖንጅ ላይ የተኛ ንጣፍ ነው። የአየሩን እርጥበት ተከትሎ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ፣ በበሩ መቃንና በቧንቧው ዙሪያም ጭምር፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ዞኮሎው የተሠራው ይህንን ክፍተት ለመሸፈን ነው። ዞኮሎውን በጥንቃቄ አስነቅላችሁ የንጣፉን ዳር ዳር በመጋዝ አስቆርጡና ክፍተቱን አስተካክሉ፤ ያበጠው መሀል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዞኮሎው ሲመለስ በግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ በንጣፉ ላይ አይመታ።

ካበጠው ቦታ ውጪ ያለው ድምፅ ካልቀረ፣ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ አልተስተካከለም ማለት ነው። ቀጥ ያለ የሁለት ሜትር ዘንግ በሲሚንቶው ላይ አስተኝታችሁ ስታዩ ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ብርሃን ከታየ ቦታው መሞላት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ንጣፉን በከፊል ማንሣት ግድ ነው። ስፖንጁን ደራርቦ ማንጠፍ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ የበለጠ ያረገርገዋል፣ መቆለፊያውንም ይሰብረዋል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። የቤታችን የእንጨት ደረጃ፣ በተለይ ሦስተኛውና አራተኛው እርከን፣ ሲረገጥ ይጮኻል። ከደረጃው ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ስላለ ከታች መድረስ ይቻላል።

መልስ፦ ከታች መድረስ ከቻሉ ከላይ ምንም መንካት አያስፈልግም። ድምፁ የሚመጣው የሚረገጠው ሳንቃ ቀጥ ብሎ ከቆመው ሳንቃ ጋር ከሚገናኝበት መስመር ነው። በዚያ ጥግ ላይ 4 ሣንቲ ሜትር ያህል ጎን ያላቸው፣ ሦስት ማዕዘን ተደርገው የተቆረጡ የደረቀ እንጨት ቁራጮች በኮላ ይለጠፉ፤ ለአንድ እርከን ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። ከመለጠፉ በፊት ጥጉ ላይ ያለውን አቧራና የድሮ ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቀው ያውጡ፤ አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም። ቁራጮቹ እንዳይንሸራተቱ እያንዳንዳቸውን በሁለት አጫጭር ብሎኖች፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ጎን፣ ያስይዟቸው፤ የብሎኑ ጫፍ በመርገጫው ሳንቃ ሾልኮ እንዳይወጣ ውፍረቱን አስቀድመው ይለኩ። ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን በእነዚያ ሁለት እርከኖች ላይ ማንም አይርገጥ፤ ልጆች ካሉ ደረጃውን በገመድ ይዝጉት።